ይሄ ምን ይጠቅማል?

ዛሬ ጽሑፌ ረዘም ይላል፤ ቡና አፍልታችሁ ተቀመጡ። እኔ እንደሆነ ኤርፖርቱ የታክሲ መጠባበቂያ ውስጥ ነኝ። ከፊቴ ያለው ሰልፍ ቶሎ የሚነቃነቅ አይመስልም፤ ጊዜ አለኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ጸደይ ነው። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ቡሪየን ካለው ቤቴ ወጥቼ መኪናዬን ሳስነሳ ስልኬ ጮኸ። ትልቋ ልጄ ናት። ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዋሽንግተን ሁለተኛ ዓመቷን እየጨረሰች ነው፤ እንደ አባቷ እንቅልፍ የላትም። «አባ፣ ፋርማሲውን ትቼ ኬሚስትሪ ልማር ወስኛለሁ። ለክረምቱ አንድ ላቦራቶሪ ተቀብሎኛል። የድኝና የናይትሮጅን ውሁዶች ላይ ነው የምንሠራው» ትላለች። (እሷ «ሰልፈር» ነው ያለችው፤ «ድኝ» ያልኩት እኔ ነኝ።)

እኔም ሳላስብ ጣቴ መልሱን ጻፈው፦ «ይሄ ምን ይጠቅማል?»

መልስ አልመጣም። እሑድ እሑድ ቤት ትመጣ የነበረችው ልጅ ሦስት እሑድ ቀረች። ለእናቷ «ፈተና አለብኝ» አለቻት። እናቷም ማታ እራት ስታቀርብልኝ ሳህኑን ከወትሮው ጠንከር አድርጋ ታስቀምጠው ጀመር። ያገባ ያውቀዋል።

መጀመሪያ ራሴን ልከላከል። ፋርማሲ ማለት ደሞዝ ነው። እኔ በ12 ሰዓት ሥራ የማመጣውን እሷ በግማሽ ቀን ታመጣዋለች። በዚህ መጠባበቂያ ውስጥ ግራና ቀኜን ብቆጥርላችሁ አንዱ የእንስሳት ሐኪም ነበር፣ አንዱ የሂሳብ መምህር፣ አንዱ የመሬት ቀያሽ። ሁላችንም ትምህርት ወድደን ተምረን ዛሬ የሰው ሻንጣ እናነሳለን። አባት ልጁን «የሚያበላሽን ተማሪ» ቢል ይፈረድበታል?

ግን ያቺ አረፍተ ነገር ጆሮዬ ላይ ቀረች። የት ነው የሰማኋት? እያልኩ ስነዳ ሰነበትኩ። አንድ ቀን ትዝ አለኝ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት አገር ቤት ኢንጂነር ነበርኩ። ገና ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣሁ የተመደብኩት ስኳር ፋብሪካ ነው። ስኳር ነጭ የሚሆነው ዝም ብሎ አይደለም። ድኝ በምድጃ ይቃጠልና ጢሱ በሸንኮራው ጭማቂ ውስጥ ያልፋል፤ እሱ ነው የሚያነጣው። ያ ጢስ አፍንጫ ይቆርጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል። የኛ ምድጃ ደግሞ አመል ነበረው። ድኝ በቂ አየር ሳያገኝ ከሞቀ ሳይነድ ይተንና ቧንቧው ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ እዚያው ይረጋል። ቧንቧው ይደፈናል። ሥራ ይቆማል፣ ሠራተኛ ወጥቶ በመዶሻ ይቀጠቅጣል፣ እንደገና ይጀመራል።

እኔ ጎረምሳ ነበርኩ። ሦስት ወር ሙሉ በየሁለት ሰዓቱ የምድጃውንና የቧንቧውን ሙቀት እየለካሁ በአንድ ደብተር መዘገብኩ። መቼ እንደሚደፈን አስቀድሞ የሚያሳይ ነገር ያየሁ መሰለኝ። ደብተሩን ይዤ አለቃዬ ጋ ገባሁ። ሽፋኑን እንኳ አልገለጡትም። «ይሄ ምን ይጠቅማል? ስኳሩ እየወጣ አይደል እንዴ?» አሉኝ። ደብተሩን ብብቴ ሥር ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ለሥራው ሳይሆን ለደሞዙ ነበር የምገባው።

እንግዲህ ልጄን በዚያው ቃል ነው የመታኋት። በዚያው በድኝ ጉዳይ!

ያን ቀን ወሰንኩ። የመጠባበቂያ ሰዓቴን ዩቲዩብ ከማየት ይህን ነገር ላንብበው አልኩ። ያነበብኩትን ላካፍላችሁ፤ የተማራችሁ ካላችሁ አርሙኝ።

ድኝ ታውቃላችሁ። ዳሎል ሄዶ ፎቶ የተነሳ ሁሉ ከኋላው የሚታየው ቢጫ እሱ ነው። ለዶሮ ወጥ ሽንኩርት ስትከትፉ የሚያስለቅሳችሁም ድኝ ያለበት ውሁድ ነው። ናይትሮጅን ደግሞ ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ነው። ጎጃም ያለው ወንድሜ «ኤንፒኤስ» የሚለው ማዳበሪያ «ኤን» ናይትሮጅን፣ «ኤስ» ድኝ ነው። ድሮ ዳፕ ነበር፤ የአፈር ጥናት ተደርጎ በብዙ ቦታ አፈሩ ድኝም እንደሚጎድለው ሲታወቅ ነው ኤንፒኤስ የመጣው።

ልብ በሉ ግን፦ በማዳበሪያው ጆንያ ውስጥ ሁለቱ አብረው ይኑሩ እንጂ እጅ ለእጅ አልተያያዙም። ድኙ ኦክሲጅን ይዟል፣ ናይትሮጅኑ ሃይድሮጅን ይዟል። እንደ ጎረቤት ናቸው፤ ሰላምታ አለ፣ ጋብቻ የለም። የልጄ ላቦራቶሪ የሚያጠናው ግን ጋብቻውን ነው፤ ድኝና ናይትሮጅን በቀጥታ ሲያያዙ ምን እንደሚሆን።

የዚህ ትዳር የመጀመሪያው ታዋቂ ልጅ ቴትራሰልፈር ቴትራናይትራይድ ይባላል። ስሙ አያስፈራችሁ፤ «አራት ድኝ አራት ናይትሮጅን» ማለት ነው። በፈረንጆቹ 1835 ዊልያም ግሪጎሪ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ነው ያገኘው። ስምንቱ አተሞች እንደ ትንሽ ጎጆ ተቆላልፈው የተሠራ ብርቱካንማ ክሪስታል ነው። በጣም ሲቀዘቅዝ ቀለሙ ሊጠፋ ይደርሳል፤ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ደም ይመስላል። ቢመቱት ወይም አለመጠን ቢያሞቁት ደግሞ ይፈነዳል።

ለምን ይፈነዳል? እዚህ ላይ የድሮው ኢንጂነር ተነሳብኝ። ሁለት የናይትሮጅን አተሞች እርስ በርስ ሲያያዙ እስራቱ ከምናውቃቸው ሁሉ ከጠንካሮቹ አንዱ ነው። ስለዚህ ከሌላ ጋር የተጣመረ ናይትሮጅን ሁልጊዜ ወደ ወንድሙ መመለስ ያምረዋል፤ ውሃ ቁልቁለት እንደሚያየው። ሰበብ ሲያገኝ ይሮጣል፤ ሩጫው ኃይል ይለቃል። እኛ ሾፌሮች ፊት ለፊታችን መሪው ውስጥ ያለው ኤርባግም በዚህ ጠባይ ነው የሚሠራው። የቀድሞዎቹ ውስጥ የነበረው ሶዲየም አዛይድ የሚባል ናይትሮጅን የበዛበት ጨው ነው፤ ግጭት ሲመጣ ናይትሮጅኑ ተለቅቆ ዓይን ተጨፍኖ ሳይገለጥ ከረጢቱን ይሞላዋል። መርዛማ ስለሆነ ኋላ በሌሎች ናይትሮጅናም ውሁዶች ተተካ። ያው የሚያፈነዳው ጠባይ ሰው ያድናል።

አሁን ወደ ሰውዬው ልምጣ።

አለን ማክዳያርሚድ በ1927 ኒውዚላንድ ተወለደ። አባቱ ምን ነበሩ መሰላችሁ? ኢንጂነር! ያውም ሥራ ያጡ ኢንጂነር። ዘመኑ የዓለም ኢኮኖሚ የወደቀበት ነበር፤ ቤተሰቡ ሥራ ፍለጋ ከከተማ ከተማ ዞረ። ልጁ ከትምህርት ቤት በፊት በብስክሌት ወተት ያድል ነበር። የአባቱን አሮጌ የኬሚስትሪ መጽሐፍ አገኘና በዚያ ተለከፈ። በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤት ትቶ ዌሊንግተን ባለው ኮሌጅ የኬሚስትሪ ክፍል ተላላኪና የጽዳት ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ። ወለል ይጠርጋል፣ የላቦራቶሪ ብርጭቆ ያጥባል፤ በተረፈችው ሰዓት እዚያው ይማራል።

ለማስተርስ ጥናቱ የተሰጠው ነገር ያ ብርቱካንማው ክሪስታል ነበር። ቀለሙ ደስ አለው። ልጁ ቀለም ይወድ ነበር፤ በሕይወቱ ሁሉ ወደ ኬሚስትሪ የሳበኝ ቀለም ነው ይል ነበር። በ1949 የመጀመሪያ ጽሑፉን በዚሁ ላይ አሳተመ። ያኔ አንድ ሰው «ይሄ ምን ይጠቅማል?» ብሎት ቢሆን መልስ አልነበረውም። ምንም አይጠቅምም ነበር!

በ1950 የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ አሜሪካ ዊስኮንሲን መጣ፣ ከዚያ እንግሊዝ ካምብሪጅ፣ ከዚያ ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። ብዙ ዓመት በሌላ ጉዳይ ሠራ። ያቺ የወጣትነት ውሁድ የተመለሰችው በ1970ዎቹ ነው። ትነቷን በጋለ ብር ላይ ሲያሳልፏት ትሰነጠቅና ከዚያ ራሷ ተቀጣጥላ ረጅም ሰንሰለት ትሆናለች፤ ድኝ ናይትሮጅን፣ ድኝ ናይትሮጅን እያለ የሚሄድ። ይህ ሰንሰለት ወርቅ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ቅንጣት ብረት የለም። እንደ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በ1975 ደግሞ የአይቢኤም ተመራማሪዎች እጅግ ሲያቀዘቅዙት፣ ከፍጹም ዜሮ ሩብ ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ሲል፣ ኤሌክትሪክን ያለምንም መሰናክል እንደሚያሳልፍ አገኙ። ብረት የሌለበት ነገር እንዲህ ሲያደርግ ጉድ ተባለ።

በዚያው ዓመት ማክዳያርሚድ ጃፓን ሄደ። ቶኪዮ ላይ ንግግር አድርጎ ወርቃማውን ነገር አሳየ። ከንግግሩ በኋላ ሻይ ሲጠጡ ሂደኪ ሺራካዋ የሚባል ተመራማሪ «እኔም እንዲህ የሚያብለጨልጭ አለኝ፤ የኔ ግን ብርማ ነው» አለው። እሱ ነገር የመጣው ደግሞ በስህተት ነው። ላቦራቶሪው ውስጥ አንድ እንግዳ ተመራማሪ ማፋጠኛውን ከሚገባው 1000 እጥፍ ጨምሮበት፣ ዱቄት ይሆናል ሲባል ብርማ ስስ ፕላስቲክ ሆኖ ቁጭ አለ።

ማክዳያርሚድ ሺራካዋን ወደ ፔንስልቬንያ ጋበዘው። ከፊዚክሱ ሰው ከአለን ሂገር ጋር ሦስት ሆኑ። ወርቃማው ሰንሰለት ላይ ብሮሚን ሲጨምሩበት የማስተላለፍ አቅሙ ዐሥር እጥፍ እንደሚጨምር ያውቁ ነበር። «ታዲያ ብርማው ላይስ ብንሞክረው?» አሉ። ኅዳር 1976 ሞከሩት። በደቂቃዎች ውስጥ አቅሙ ዐሥር ሚሊዮን እጥፍ ዘለለ። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ! ኖቤል ሽልማት፣ በፈረንጆቹ 2000፣ ሦስቱም። ዛሬ በኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ፕላስቲክ ይሠራበታል።

አሁን እንደ ኢንጂነር ሐቁን ልናገር። ወርቃማው ድኝና ናይትሮጅን ራሱ ገበያ አልወጣም። ስልካችሁን ብትፈቱት አታገኙትም። ሲሠሩት ያስቸግራል፣ መነሻው ይፈነዳል። እና ምን ጠቀመ? የጠቀመው ዓይኑን ነው። የሚያብለጨልጭ ነገር ሲያይ «ይሄ ኤሌክትሪክ ያስተላልፍ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ዓይን የሰጠው፣ ብሮሚኑንም ያስተማረው ያ ነገር ነው። ሺራካዋ ብርማውን ነገር ለዓመታት ይዞት ነበር፤ ወርቃማውን የያዘ ሰው ሻይ ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ ግን ቀጣዩ እርምጃ አልመጣም።

«ይሄ ሩቅ አገር ነው» የሚለኝ ይኖራል። ወደ ሲያትል ልመልሳችሁ። መንገደኛ ይዤ ስንቴ የተመላለስኩበት የዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ፣ ከትልቁ ፏፏቴ አጠገብ ባግሊ ሆል የሚባል ሕንጻ አለ፤ የኬሚስትሪ ክፍል ነው። ጆርጅ ኬዲ የሚባሉ ፕሮፌሰር ከ1938 ጀምሮ በዚህ ዩኒቨርሲቲ ሠርተዋል፤ ሙያቸው ፍሎሪን የሚባለውን አደገኛ ጋዝ ከድኝና ከሌሎች ጋር ማያያዝ ነበር። የአባታቸው ታሪክ ደግሞ ይገርማል። በ1903 ካንሳስ ውስጥ ዴክስተር በምትባል መንደር ጋዝ ወጣ ተብሎ ሕዝብ ተሰብስቦ ቢለኩሱት አልነድ አለ። «የማይረባ ጋዝ» ተባለ። የጆርጅ አባት፣ ሃሚልተን ኬዲ፣ «ለምን አልነደደም?» ብለው መረመሩት፤ በ1905 ውስጡ ሂሊየም አገኙበት። ሆስፒታል ኤምአርአይ ገብታችሁ የምታውቁ፣ የማሽኑን ማግኔት የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው።

እኚሁ ጆርጅ ኬዲ ካስተማሯቸው አንዷ ጂን ሽሪቭ ናቸው። በ1933 ሞንታና ውስጥ ዲር ሎጅ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለዱ፤ በ1961 እዚሁ ሲያትል ዶክትሬታቸውን ያዙ። ሴት በኬሚስትሪ ክፍል ብርቅ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። በዚያው ዓመት አይዳሆ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ ሙሉ ፕሮፌሰር ሆኑ፣ የክፍሉ ኃላፊ ሆኑ። ፍሎሪንን ከድኝና ከናይትሮጅን ጋር ሲያጋቡ ኖሩ፤ ኋላም ናይትሮጅን የበዛባቸውን፣ ኃይላቸው ብዙ ጉዳታቸው ለአካባቢ ያነሰ ውሁዶች ፈለጉ። ልጄ ልትሠራ የምትገባው በዚህ ዩኒቨርሲቲ ነው። እኔ በበሩ ላይ ሰው አውርጄ ሒሳብ ተቀብዬ ስሄድ የኖርኩበት ግቢ!

አንድ ነገር ደግሞ ሳላውቅ ነበር የተናገርኩት፤ ልጅ ያላችሁ ስሙ። አሜሪካ ውስጥ በኬሚስትሪ ዶክትሬት የሚማር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ እያስተማረ ወይም እየተመራመረ መጠነኛ አበል ይከፈለዋል። ሀብታም አያደርግም። ግን እኔ እንደፈራሁት በዕዳ አያሰጥምም። ሳልጠይቅ ነው የፈረድኩት።

በአራተኛው ሳምንት ቅዳሜ፣ እዚሁ መጠባበቂያ ቁጭ ብዬ እንዲህ ብዬ ጻፍኩላት፦ «የኔ እናት፣ ያ ድኝና ናይትሮጅን ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

ወዲያው ሦስቱ ነጥቦች ብቅ አሉ፤ ጠፉ፤ ደግሞ ብቅ አሉ። «አባ፣ ማን ነገረህ ቀለም እንዳለው?» አለችኝ።

በነጋታው እሑድ ከዩኒቨርሲቲው ባቡር ይዛ መጣች። ጣቢያ ሄጄ ተቀበልኳት፤ ሒሳብ አላስከፈልኳትም። ቤት ቡና ተፈላ። ስለ ማክዳያርሚድ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩት፤ ግማሹን ታውቀዋለች፣ የጽዳት ሠራተኛ እንደነበረ ግን አልሰማችም ነበር። እሷ ስትስቅ እናቷ ሳህኑን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

ከዚያ ገብቼ ሻንጣውን አወጣሁ። ዲፕሎማዬ ያለበትን። ከሥሩ ያ ደብተር አለ፤ ለምን ይዤው እንደመጣሁ እኔም አላውቅም። ሰጠኋት። ዝም ብላ ገጽ በገጽ አየችው። ቁጥሩን በጣቷ እየተከተለች ግማሽ ሰዓት ያህል ቆየች። አማርኛ ማንበብ ያስቸግራታል፤ ቁጥር ግን ቁጥር ነው።

«አባ፣ እዚህ ጋ ሙቀቱ ሲወጣ በሚቀጥለው ቀን ይደፈናል አይደል?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ታዲያ ለምን እዚህ ላይ አቆምክ?»

ያን ደብተር ሰው ገልጦ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው። ምን ብዬ ልመልስላት? «ቡናው ቀዘቀዘ» ብዬ ተነሳሁ።

ደብተሩን ይዛው ሄደች። ምን እንደምታደርገው አልጠየቅኳትም። ምን ይጠቅማልም አላልኳትም።

እናንተስ? ሻንጣችሁ ሥር ምን አለ? ማንስ ገልጦ አየላችሁ? ጻፉልኝ፤ ተራ እስኪደርሰኝ አነባለሁ። ኧረ ሰልፉ ተነቃነቀ።

ቸር እንሰንብት።